«በ30 ቀን 300 ቅጽል» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ተማሪዎች ሰሞኑን እየተቀባበሉ የሚያነቡት አንድ ጽሑፍ አለ። ርእሱ «በ30 ቀን 300 የረቀቁ የእንግሊዝኛ ቅጽሎች» ይላል። ምክሩ ሲጨመቅ ይህን ይመስላል፦ በቀን 10 ቅጽል ከአማርኛ ፍቺው ጋር ሸምድድ፤ «ቬሪ» የምትባለውን ቃል ከአፍህም ከብዕርህም አውጣ፤ ተመሳሳይ ፍቺ ያላቸውን ቃላት እያፈራረቅህ ተጠቀም፤ የማታውቀው ቃል ሲገጥምህ ቅድመ ቅጥያውን አይተህ ፍቺውን ገምት፤ ቅጽል ምንጊዜም ከስም በፊት ስለሚገባ ስለ ቦታው አትጨነቅ፤ ፈተና ላይ ብርቅ ቃል በደረደርህ ቁጥር ነጥብህ ያድጋል።

ጸሐፊው የተነሡበት ችግር እውነት ነው። ዓመታት እንግሊዝኛ ተምሮ ስለ ፊልሙም ስለ መምህሩም ስለ አየሩም «ጉድ»፣ «ናይስ» እና «ባድ» ከማለት ያላለፈ ሰው ሞልቷል። መድኃኒታቸው ግን ጥቂት ቃል በትክክል ይጠቀም የነበረውን ተማሪ ብዙ ቃል በስህተት ወደሚጠቀም ተማሪ ይለውጠዋል። ነጥቦቹን በየተራ እናንሣ። የእንግሊዝኛውን ቃላት እዚህ በፊደላችን ስለጻፍናቸው አጻጻፋቸውን ከመዝገበ ቃላት አመሳክሩ።

«እያንዳንዱን ቅጽል ከአማርኛ ፍቺው ጋር ሸምድድ»

የሌሎቹ ስህተቶች ሁሉ ሥር ይኸኛው ስለሆነ እዚህ ላይ ሰፋ አድርገን እንቆያለን።

«ኃይለኛ» የሚለውን የራሳችንን ቃል እንውሰድ። በአማርኛ ዝናቡም ኃይለኛ ነው፤ ነፋሱም፣ ትኩሳቱም፣ ሕመሙም፣ ተቃውሞውም፣ ሰውየውም። እንግሊዝኛው ይህን ሁሉ ለአንድ ቅጽል አያሸክምም። ዝናብ «ሄቪ» ነው፤ ነፋስ «ስትሮንግ» ነው፤ ትኩሳት «ሃይ» ነው፤ ሕመም «ሲቪር» ነው፤ ተቃውሞ «ፊርስ» ነው፤ ለጠብ እጁ የሚፈጥን ሰው «ቫዮለንት» ነው። «ስትሮንግ ሬይን» ያለ ተማሪ የሰዋስው ሕግ አልጣሰም፤ ሰሚውም የፈለገውን ያውቅለታል። ነገር ግን ጆሮ ይቆረቁራል። «ሄቪ ዊንድ»ም እንደዚያው ነው። ዝናብ ከብዶ ነፋስ ለምን እንደበረታ መመራመር ትርፍ የለውም፤ ቋንቋው የለመደው እንዲህ ነው።

አሁን ከእንግሊዝኛው ወገን ሆነን እንየው። ሽምደዳው «ሄቪ ማለት ከባድ» ይላል። «ሄቪ ትራፊክ» የመኪና መጨናነቅ ነው፤ «ሄቪ ፋይን» ጠንከር ያለ የገንዘብ ቅጣት ነው፤ «ሄቪ ስሞከር» አብዝቶ የሚያጨስ ሰው እንጂ ኪሎው የከበደ አጫሽ አይደለም። በሌላ በኩል ከባድ ፈተና «ሄቪ ኤግዛም» አይባልም፤ «ዲፊከልት» ወይም «ታፍ» ነው። ከባድ ስህተት «ሲሪየስ» ወይም «ግሬቭ» ነው። ከባድ ፉክክር «ስቲፍ» ወይም «ፊርስ» ነው። አንድ ለአንድ የተጻፈው ዝርዝር ይህን ሁሉ ይደብቃል።

ቃላት እንዲህ እየተጣመሩ የመሄዳቸው ልማድ ኮሎኬሽን ይባላል። እንግሊዛዊው የሥነ ልሳን ምሁር ጆን ሩፐርት ፈርዝ እ.ኤ.አ. በ1957 ባሳተመው ጽሑፍ ቃል የሚታወቀው አብሮት በሚውለው ቃል ነው ብሎ ነበር። ስለዚህ ወደ ደብተር የሚገባው ነጠላ ቅጽል ሳይሆን ቅጽሉ ከነጓደኛው ነው። «ሲቪር»ን ለብቻው ከመጻፍ «ሲቪር ፔይን»፣ «ሲቪር ዳሜጅ»፣ «ሲቪር ድራውት» ብሎ መጻፍ ሦስት ደቂቃ ይወስዳል፤ ከዚያ በኋላ ግን ቃሉ የት እንደሚቀመጥ አይጠፋችሁም።

ስለ ብዛቱም እንነጋገር። ጀርመናዊው የሥነ ልቡና ምሁር ሄርማን ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ጥናት የተሸመደደ ነገር በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት በፍጥነት እንደሚጠፋ፣ እየቆየ ግን የመርሳቱ ፍጥነት እንደሚቀንስ አሳይቷል። ቃል እንዲያዝ በማግስቱ፣ በ3ኛው፣ በ7ኛው፣ በ14ኛውና በ28ኛው ቀን ይከለስ እንበል። በቀን 10 አዲስ ቃል የሚይዝ ተማሪ 29ኛው ቀን ላይ ሲደርስ 50 ቃል መከለስና 10 አዲስ መያዝ ይጠበቅበታል። ለአንዱ ቃል አንድ ደቂቃ ብቻ ቢሰጥ አንድ ሰዓት ሙሉ ሄደ ማለት ነው፤ ያውም ለቅጽል ብቻ። ብዙዎች በሁለተኛው ሳምንት ክለሳውን ጥለው አዲሱን ብቻ መያዝ ይቀጥላሉ፤ በወሩ መጨረሻ ዝርዝሩ አለ፣ ቃላቱ የሉም። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል የተባለው ለዚህ ነው።

እኛ የምንመክረው በሳምንት 10 ነው፤ በአምስት ቀን ሁለት ሁለት፣ የቀሩት ሁለት ቀናት ለክለሳ ብቻ። በዓመት ከ500 በላይ ይሆናል። የትኞቹን ልምረጥ ለሚል፣ አቨሪል ኮክስሄድ በኒውዚላንድ ዌሊንግተን ቪክቶሪያ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጣችው የአካዳሚክ ቃላት ዝርዝር 570 የቃል ቤተሰቦችን ይዟል። «ሲግኒፊካንት»፣ «ኮንሲስተንት»፣ «አዴኩዌት»፣ «አርቢትራሪ»፣ «አምቢጉየስ»፣ «ኢንኸረንት» ከዚያ ውስጥ ናቸው። መደነቂያ ሳይሆኑ በየጽሑፉ የሚመላለሱ ቃላት ስለሆኑ ድካም ይከፍላሉ። የጽሑፉ ዝርዝር ግን «ፐልክሪቱዲነስ»ን አስገብቷል። ቆንጆ ማለት ነው፤ የሚጠቀምበት ሰው ከቀልድ ውጭ እምብዛም አይገኝም።

አንዱን ቅጽል በካርድ ላይ እንሥራው፤ «ሪለክታንት» ይሁን፤ እሱም ከዚሁ ዝርዝር ቤተሰብ ነው። አማርኛው «ልቡ ያልፈቀደ፣ የሚያቅማማ» ቢሆን ያስኬዳል፤ እሱን ከካርዱ ጀርባ በትንሹ ጻፉት። ከፊት ለፊት መጀመሪያ የሚሰፍረው ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «ሺ ወዝ ሪለክታንት ቱ ሳይን ዘ ኮንትራክት»፤ ውሉን ለመፈረም አቅማምታ ነበር። ከሥሩ ጓደኞቹ፦ «ሪለክታንት ዊትነስ» መመስከር ያልፈለገ ምስክር፣ «ሪለክታንት ሂሮ» ሳይፈልገው ጀግና የሆነ፣ «ሪለክታንት ስማይል» ልብ የሌለበት ፈገግታ። ቀጥሎ ከኋላው የሚመጣው፦ «ቱ» እና ያልተለወጠ ግስ ብቻ፤ «ሪለክታንት ኢን ሳይኒንግ» ወይም «ፎር ሳይኒንግ» ስህተት ነው። ከዚያ ከፊቱ የሚገባ ተውሳከ ግስ፦ «ኢንክሪዝንግሊ ሪለክታንት» እያደር ይበልጥ ያቅማማ፣ «አንደርስታንደብሊ ሪለክታንት» ማቅማማቱ የማያስገርም። ከዚያ ጠባዩ፦ ሙገሳም ነቀፋም የለበትም፤ በደብዳቤም በወሬም ይገባል። በመጨረሻ ድንበሩ፦ ለሰው ወይም ለሰው ድርጊት ነው፤ አልከፈት ያለ በር «ሪለክታንት» አይባልም፤ «ሬቲሰንት» ከሚለውም ይለያል፤ ያኛው በተለይ ለመናገር ቁጥብ የሆነ ሰው ነው፤ ሁለቱን የሚያምታቱ እንግሊዛውያንም አይጠፉም።

ካርዱ አሥር ደቂቃ ያህል ይወስዳል። ስትከልሱ አማርኛውን አይታችሁ እንግሊዝኛውን አትጥሩ፤ ዓረፍተ ነገሩን ቅጽሉ በባዶ ቦታ ተተክቶ አንብቡትና ሙሉት። ዐውድ ከሌለው ፍቺ ተነሥቶ ቃል መጥራት የለመደ አእምሮ ሲጽፍም መጀመሪያ አማርኛውን ይፈልጋል፤ ያኔ ተመልሶ «ስትሮንግ ሬይን» ይመጣል።

መስተዋድዱን ከካርዱ የሚያስቀሩ ብዙ ናቸው። ጽሑፉም ስለሱ አንዲት ቃል አላነሣም። አማርኛው ግን እዚህ ላይ ክፉኛ ያሳስታል። ከእሷ ጋር ተጋባ ስለምንል «ማሪድ ዊዝ» ይመጣብናል፤ ትክክሉ «ማሪድ ቱ» ነው። በሒሳብ ጎበዝ ስለምንል «ጉድ ኢን» እንላለን፤ «ጉድ አት» ነው። ከእሱ ይበልጣል ስለምንል «ሱፒሪየር ዛን» እንጽፋለን፤ «ሱፒሪየር ቱ» ነው፤ «ኢንፊሪየር»ም «ሲኒየር»ም እንዲሁ። ረቀቅ ካሉት ውስጥ «ኬፐብል ኦቭ»፣ «ፕሮን ቱ»፣ «ኢንዲፈረንት ቱ»፣ «ዲቮይድ ኦቭ»፣ «ፍሮት ዊዝ»፣ «አዴፕት አት» ተነጣጥለው መጠናት የለባቸውም።

«ቬሪን አውጣ»

እዚህ ግማሹ ልክ ነው። «ቬሪ ታየርድ» ከማለት «ኤግዞስትድ»፣ «ቬሪ ስሞል» ከማለት «ታይኒ»፣ «ቬሪ አንግሪ» ከማለት «ፊዩሪየስ» ማለት ንግግሩን ያነቃዋል። ችግሩ ጸሐፊው «ቬሪ»ን በነጠላ ቃል ለመተካት ሲሉ ያወጡት ሠንጠረዥ ውስጥ ነው። አራቱን መስመሮች ብቻ እንመልከት።

«ቬሪ ፌመስ» ይሉና «ኖቶሪየስ» ብለው ይተካሉ። «ኖቶሪየስ» በክፉ የታወቀ ነው፤ ለወንበዴ፣ ለአጭበርባሪ፣ አደጋ ለሚበዛበት መታጠፊያ ይሆናል። ለተከበረ ሐኪም «ኖቶሪየስ ዶክተር» ብትሉት ፈቃዱ ሊነጠቅ የሚገባው ሰው አደረጋችሁት። የፈለጉት «ሪናውንድ» ነበር። «ቬሪ ኦልድ» በ«ኤንሸንት» ተተክቷል። «ኤንሸንት» ሺህ ዓመታት ላስቆጠረ ሥልጣኔና ፍርስራሽ ነው፤ ለሰው ሲውል ቀልድ ወይም ስድብ ይሆናል። በዕድሜ ለገፉ ሰው አክብሮት ያለበት ቃል «ኤልደርሊ» ነው። «ቬሪ ቲን» ደግሞ «ኢሜሺዬትድ» ሆኗል፤ እሱ በረኃብ ወይም በበሽታ አጥንቱ የወጣ ሰው ነው። «ቬሪ ኢምፖርታንት»ን የተካው «ክሩሻል» ከሁሉ ይሻላል፤ ግን እሱም የነገሩ ውጤት የሚወሰንበትን ነገር እንጂ ማንኛውንም በጣም አስፈላጊ ነገር አይገልጽም።

ከሁሉ በላይ የቀረው ግን ከተተካ በኋላ ምን እንደሚደረግ ነው። የእንግሊዝኛ ቅጽሎች ከመጠን አንጻር ሁሉም አንድ አይደሉም። «ታየርድ»፣ «ኮልድ»፣ «አንግሪ» ደረጃ አላቸው፤ ትንሽም ብዙም መሆን ይቻላል፤ «ቬሪ» ይቀበላሉ። «ኤግዞስትድ»፣ «ፍሪዚንግ»፣ «ፊዩሪየስ» ጫፍ ላይ የደረሱ ናቸው፤ «በጣም» የሚለው በውስጣቸው አለ። ስለዚህ «ቬሪ ኤግዞስትድ» አይባልም፤ «አብሶሉትሊ ኤግዞስትድ» ወይም «ኮምፕሊትሊ ኤግዞስትድ» ይባላል። በተቃራኒው «አብሶሉትሊ ታየርድ» ደግሞ አይሄድም። ሦስተኛ ዓይነትም አለ፤ «ዴድ»፣ «ፕሬግናንት»፣ «ኒውክለር» የመሰሉት ወይ ናቸው ወይ አይደሉም፤ ከጨዋታ በቀር መጠን አይገባባቸውም። የትኛው ዘንድ እንዳላችሁ ሲጠፋችሁ «ሪሊ» ከመጀመሪያዎቹ ሁለቱም ጋር ይስማማል።

«ኳይት» ደግሞ ወጥመድ ነው። በብሪታንያ እንግሊዝኛ «ኳይት ጉድ» ደህና ነው፣ መጥፎ አይደለም ማለት ሲሆን «ኳይት ኢምፖሲብል» ግን ፈጽሞ የማይቻል ነው። ያው ቃል ከኋላው በሚመጣው ቅጽል ዓይነት ፍቺው ተገለበጠ። አሜሪካውያን ዘንድ «ኳይት ጉድ» ወደ «ቬሪ ጉድ» ይጠጋል።

«ቱ»ም አለ። አማርኛው «በጣም ቆንጆ ናት» ሲል «ሺ ኢዝ ቱ ቢዩቲፉል» ብሎ መተርጎም የተለመደ ነው። «ቱ» ግን ከልክ ያለፈና ጉዳት ያለበት መብዛትን ነው የሚነግረን፤ ሻንጣው «ቱ ሄቪ» ከሆነ አይነሣም ማለት ነው።

የንግግር ብስለት የሚታየው «ቬሪ»ን በማጥፋት ሳይሆን በቦታው በሚገባው ተውሳከ ግስ ነው። «ዲፕሊ ኮንሰርንድ»፣ «ሃይሊ አንላይክሊ»፣ «ቢተርሊ ዲሳፖይንትድ»፣ «ሲሪየስሊ ኢል»፣ «ዋይድሊ አቬይለብል»፣ «ፉሊ አዌር»። እነዚህ ጥንዶች እንደ ባልና ሚስት ናቸው፤ «ሃይሊ ታየርድ» ብላችሁ ካጋባችኋቸው አይስማሙም። ጸሐፊው 300 ቅጽል ከሚያስሸመድዱ ይልቅ 60 የዚህ ዓይነት ጥንድ ቢሰጡ ኖሮ ይህን ምላሽ ባልጻፍን ነበር።

«ተመሳሳይ ቃላትን እያፈራረቅህ ተጠቀም»

ጽሑፉ «ፍሩጋል»፣ «ትሪፍቲ»፣ «ስቲንጂ»፣ «ማይዘርሊ» እና «ኢኮኖሚካል»ን አንድ ላይ አስሮ ከፊታቸው «ቆጣቢ» ብሎ ጽፏል። አማርኛ ተናጋሪ ይህን ስህተት ለመረዳት እንግሊዝኛ አያስፈልገውም። ቆጣቢ፣ ስስታም፣ ቆንቋና፣ ንፉግ ሁሉም ገንዘቡን ስለያዘ ሰው ይናገራሉ። ሆኖም አለቃውን ለማመስገን ተነሥቶ «ንፉግ ሰው ናቸው» የሚል የለም። እንግሊዝኛውም መሰላል ነው። «ትሪፍቲ» ሙገሳ ነው፤ ገንዘብ አያያዝ የሚያውቅ። «ፍሩጋል» ባመዛኙ ሙገሳ ነው፤ በጥቂት የሚኖር፣ ቅንጡነት የማይወድ። «ስቲንጂ» ነቀፋ ነው፤ እያለው የማይሰጥ። «ማይዘርሊ» ከዚያ የከፋ ነው፤ ለራሱም የሚነፍግ። «ኢኮኖሚካል» በብዛት የሚነገረው ስለ ዕቃና ዘዴ ነው፤ ነዳጅ የማያበዛ መኪና። «ኢኮኖሚክ» ከሚለው ጋር እንዳይምታታ፤ ያኛው ስለ ምጣኔ ሀብት ነው፤ «ኢኮኖሚካል ክራይሲስ» የሚል ሰው ርካሽ ቀውስ አመጣ።

ለተማሪ የተዘጋጁ መዝገበ ቃላት ይህን በትንንሽ ማስታወሻ ያመለክታሉ። «አፕሩቪንግ» ካለ ሙገሳ ነው፤ «ዲሳፕሩቪንግ» ካለ ነቀፋ፤ «ፎርማል» ካለ ለደብዳቤና ለጥናት፤ «ሊተራሪ» ካለ ለልቦለድና ለግጥም። አብዛኛው ተማሪ ፍቺውን አንብቦ ማስታወሻዋን ይዘላታል። ለቅጽል ግን ከፍቺው ያላነሰ የምትሠራው እሷ ናት።

ሌላው ልዩነት የማዕርግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1066 ኖርማኖች እንግሊዝን ድል አድርገው ከያዙ በኋላ ፈረንሳይኛ የገዢዎች ቋንቋ ሆነ፤ ላቲን ደግሞ የቤተ ክርስቲያንና የትምህርት ነበር። በዚህ የተነሣ ለአንድ ሐሳብ ሦስት ቅጽል ተደራርቦ የቀረበት ቦታ አለ፦ «ኪንግሊ» ከጥንቱ እንግሊዝኛ፣ «ሮያል» ከፈረንሳይኛ፣ «ሪጋል» ከላቲን። ሦስቱም ንጉሣዊ ናቸው፤ ግን ቤተሰቡ «ሮያል ፋሚሊ» ነው፣ ግርማ ያለው አቋም «ሪጋል» ነው፣ «ኪንግሊ ፋሚሊ» የሚል የለም። እኛም ዘንድ ግዕዙ እንዲሁ ነው። ዐቢይ ጉዳይ፣ ዐቢይ ኮሚቴ እንላለን፤ «ዐቢይ ሻንጣ ገዛሁ» ያለ ሰው ግን ያስቃል። ዐቢይም ትልቅ ነው፤ ሻንጣ ግን አይሸከመውም። የጽሑፉን ዝርዝር ተከትሎ ለጓደኛው ቤትህ ሰፊ ነው ለማለት «ዩር ዶሚሳይል ኢዝ ኮሞዲየስ» ብሎ የሚጽፍ ተማሪ ዐቢይ ሻንጣ ገዝቷል።

«ቅድመ ቅጥያውን አይተህ ገምት»

ባጭሩ እንለፈው። ብዙ ጊዜ ይሠራል፤ ሲያሳስት ግን በዋና ዋናዎቹ ቃላት ላይ ነው። «ኢንቫሉዌብል» ዋጋ ቢስ ሳይሆን ዋጋ የማይተመንለት ነው። «ኢንፍላመብል» የማይቀጣጠል ሳይሆን በቀላሉ የሚቀጣጠል ነው፤ አደገኛ መሆኑ ስለታወቀ ዛሬ በማስጠንቀቂያ ጽሑፎች ላይ «ፍላመብል» ይመረጣል። «ኢንፌመስ» ያልታወቀ ሳይሆን በክፉ የታወቀ ነው። «ዲስኢንተረስትድ» በጥንቃቄ የሚጽፉ ሰዎች ዘንድ በጉዳዩ የግል ጥቅም የሌለው፣ ገለልተኛ ዳኛ ሲሆን፣ ስሜት ያልሰጠው ሰው «አንኢንተረስትድ» ነው። ግምቱን ገምቱ፤ መዝገበ ቃላቱን ግን ክፈቱ።

«ቅጽል ምንጊዜም ከስም በፊት ይገባል»

አማርኛው እንደዚያ ስለሆነ ምክሩ ደስ ይላል። እንግሊዝኛው ግን ከስም በፊት መግባት የማይወዱ ቅጽሎች አሉት፤ «አስሊፕ»፣ «አፍሬድ»፣ «አላይቭ»፣ «አወይክ»። «ዘ ቻይልድ ኢዝ አስሊፕ» ልክ ነው፤ «አን አስሊፕ ቻይልድ» ስህተት ነው፤ ከፊት ሲሆን «ኤ ስሊፒንግ ቻይልድ» ይሆናል። «አን አፍሬድ ማን» የለም፤ «ኤ ፍራይትንድ ማን» አለ። በተቃራኒው «ሚር»፣ «አተር»፣ «ሜይን»፣ «ፎርመር» ከስም በፊት ብቻ ናቸው፤ «ዘ ሪዝን ኢዝ ሜይን» አይባልም።

ቦታው ሲቀየር ፍቺው የሚቀየርም አለ። «ዘ ኮንሰርንድ ፔረንትስ» የተጨነቁ ወላጆች ናቸው፤ «ዘ ፔረንትስ ኮንሰርንድ» ጉዳዩ የሚመለከታቸው ወላጆች ናቸው። የቢሮ ደብዳቤ ላይ «የሚመለከተው አካል» ለማለት «ዘ ኮንሰርንድ ቦዲ» የሚለው አጻጻፍ እንግሊዛዊ ሲያነበው በሐሳብ የተብሰለሰለ አካል ሊመስለው ይችላል። «ፕሬዘንት»ም እንዲሁ ነው፤ ከፊት ሲሆን የአሁኖቹ አባላት፣ ከኋላ ሲሆን ስብሰባው ላይ የተገኙት አባላት።

ከአንድ በላይ ቅጽል ሲደረደር ተራ አለ፦ አስተያየት፣ መጠን፣ ዕድሜ፣ ቅርጽ፣ ቀለም፣ የመጣበት ቦታ፣ የተሠራበት ነገር፣ የሚውልበት ሥራ። በአማርኛ «ትልቅ ጥቁር የቆዳ ቦርሳ» ብንልም «ጥቁር ትልቅ የቆዳ ቦርሳ» ብንልም ማንም አይደነግጥም። በእንግሊዝኛ «ኤ ላርጅ ብላክ ሌዘር ባግ» ብቻ ነው የሚሄደው። ሰንሰለቱን እንደ ጸሎት መድገም አያስፈልግም፤ ከሦስት ቅጽል በላይ የምትደረድሩበት ቀን ይመጣል ብላችሁ አትስጉ። ነጠላ ሰረዝ የሚገባው በመካከላቸው «ኤንድ» ቢገባ የሚያምር ከሆነ ነው፤ «ሎንግ፣ ቲዲየስ ሚቲንግ» ይቀበላል፣ «ብላክ ሌዘር ባግ» አይቀበልም።

ከቁጥር ጋር የሚሠራ ቅጽልም ብዙ ያሳስታል። «ኤ ቴን-ፔጅ ሪፖርት» ነው፤ «ቴን-ፔጅስ» አይደለም። አማርኛ ቅጽሉን «ትልልቅ ቤቶች» ብሎ ያበዛል፤ የእንግሊዝኛ ቅጽል ግን አይበዛም፤ ስም እንኳ ወደ ቅጽል ቦታ ሲመጣ አብዛኛውን ጊዜ የብዙ ምልክቱን አውልቆ ነው የሚገባው።

ጽሑፉ ጨርሶ የዘለለው ደግሞ «ቦሪንግ» እና «ቦርድ»ን ነው። በአማርኛ ሰለቸኝ፣ ደከመኝ፣ ደነቀኝ በግስ ስለሚነገር ተማሪው ወደ ቅጽል ሲያመጣው ይሳሳታል፤ «አይ አም ቦሪንግ» ብሎ ራሱን አሰልቺ ሰው ያደርጋል። መለያው ግን በእጃችን አለ። አሰልቺ፣ አስፈሪ፣ አድካሚ፣ አስደናቂ፣ አሳፋሪ፤ በአማርኛ እንዲህ ስሜቱን በሌላው ላይ የሚያመጣው መልክ ከሆነ በእንግሊዝኛ «ኢንግ» ነው። የሰለቸው፣ የፈራ፣ የደከመው፣ የተደነቀ፣ ያፈረ፤ ስሜቱ የደረሰበት ከሆነ «ኢድ» ነው። ፊልሙ አሰልቺ፣ ተመልካቹ የሰለቸው።

«ብርቅ ቃል ነጥብ ያመጣል»

ጸሐፊው አይኤልትስ የተባለውን ዓለም አቀፍ የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና ጠቅሰዋልና እሱኑ እንይ። የጽሑፍ ክፍሉ የሚታረመው በአራት መመዘኛ ሲሆን የቃላት ሀብት ከአራቱ አንዱ ነው፤ ማለትም ሩብ። ለ7 ነጥብ የሚጠበቀው ያልተለመዱ ቃላትን ከአገባባቸውና ከጥምረታቸው ግንዛቤ ጋር መጠቀም ነው። ጽሑፉ ይህን ሲጠቅስ «ያልተለመዱ ቃላት» የሚለውን ይዞ የቀረውን ቆርጦታል። በተሳሳተ ቦታ የገባ ብርቅ ቃል ደግሞ ለዓይን ቶሎ ይታያል።

ቅጽሉ ልክ መሆኑን ከመጻፍ በፊት በኮርፐስ፣ ማለትም ሰዎች የጻፉትና የተናገሩት ተሰብስቦ በኮምፒዩተር በሚፈለግበት ክምችት፣ ማረጋገጥ ይቻላል። የዘመናዊው አሜሪካ እንግሊዝኛ ኮርፐስ ከ1 ቢሊዮን በላይ፣ የብሪታንያው ብሔራዊ ኮርፐስ 100 ሚሊዮን ቃላት ይዘዋል። ስሙን ጻፉና ከፊቱ የሚመጡት ቅጽሎች በብዛታቸው ቅደም ተከተል እንዲወጡ ጠይቁ። ቁጥሩን ብቻ አይታችሁ አትመኑ፤ ቢያንስ አምስት ዓረፍተ ነገር ክፈቱ፤ አንዳንዱ ጥንድ ከአንድ ልቦለድ ወይም ከአንድ ምርት ማስታወቂያ ብቻ ተደጋግሞ የመጣ ሊሆን ይችላል።

አሁን ጽሑፉ በአርአያነት ያቀረበውን ዓረፍተ ነገር እንፈትሽ፦ «ዘ ጋርጋንቹዋን፣ ኮሎሳል ኤንድ ኢመንስ ትራፊክ ሜክስ ዘ ፒፕል ቱ ፊዩሪየስ።» ሦስቱ ቅጽሎች ሁሉም «ግዙፍ» ናቸው፤ ሁለቱ ምንም አይጨምሩም። ሦስቱም ከ«ትራፊክ» ጋር አይውሉም፤ የእሱ ጓደኛ «ሄቪ» ነው። «ዘ ፒፕል» የትኞቹ ሰዎች እንደሆኑ አይናገርም፤ መንገድ ላይ ጊዜያቸው የሚያልቀው ወደ ሥራ ተመላላሾቹ «ኮሚዩተርስ» ናቸው። «ፊዩሪየስ» ጫፍ ላይ የደረሰ ቁጣ ስለሆነ «ቱ» አይገባበትም፤ ደግሞም በየቀኑ መጨናነቅ የሚያመጣው ንዴት የቀለጠ ቁጣ ሳይሆን መማረር ነው፤ እሱም «ፍራስትሬትድ» ነው፤ ስሜቱ የደረሰበት ሰው ስለሆነ በ«ኢድ»። ይህ ቅጽል ደረጃ ያለው ስለሆነ አጋዥ ይቀበላል፤ ከሚስማሙት አንዱ «ዲፕሊ» ነው። 11 የነበረው ቃል 6 ሆነ፦ «ሄቪ ትራፊክ ሊቭስ ኮሚዩተርስ ዲፕሊ ፍራስትሬትድ።»